ቪትዝ ወይስ ዲዛየር?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በቶዮታ ቪትዝና በሱዙኪ ዲዛየር መካከል ያመነታል። ሁለቱን ያፎካከራቸው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ ከ1300 ሲሲ በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ ግን ቀለል ያለ ታክስ ጣለ። ህንድ የሚመረተው ባለ 1200 ሲሲ ዲዛየር በዚህ ተጠቀመ።

ቪትዝ በጥንካሬው የተመሰከረለት ነው፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን መሪው በቀኝ ስለነበር ወደ ግራ ተዛውሯል። የመሪው፣ የፔዳሉና የዳሽቦርዱ ሽቦ ገጠማ በመካኒክ ሳይታይ ስለ ዋጋ መነጋገር የዋህነት ነው። ዲዛየር በዕድሜ ወጣትና ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በታክሲነት ስለሚሠሩ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ ማመን አይበቃም። ፍሪሲዮኑና የእግር ዕቃው ይፈተሽ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ የሁለቱንም የመሸጫ ዋጋ ደግፏል። ቪትዝ ቶሎ ገዢ ያገኛል። በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ግን በግል የተነዳ ዲዛየር መሪው ከዞረ ቪትዝ ይሻላል፤ በታክሲ ሥራ የደከመ ከሆነ ምርጫው ይገለበጣል።