አይስላንድን በመኪና ለመዞር ለሚያስብ መንገደኛ

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ እሳትና በረድ ተጎራብተው የሚኖሩባትን የአይስላንድን ደሴት፣ አንደኛ ቁጥር የተሰጠውና 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አውራ ጎዳና እንደ መቀነት ይዞራታል። ይህች ደሴት ሁለት ታላላቅ የምድር ቅርፊቶች በሚለያዩበት ስንጥቅ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በእኛም በአፋር በረሃ እንደሚታየው፣ ምድሯ ዛሬም በመሠራት ላይ ናት፤ ሊጎበኛት የሚነሣ ሰውም ከርቀቱ አስቀድሞ የአየሩን ጠባይና የብርሃኑን ርዝመት መመርመር ይገባዋል።

የፍጥረት ኃይል በሰው ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚሠለጥን ለማየት የሚወድ፣ በደቡብ በኩል ወደ ስኬይዳራ ሜዳ ይውረድ። ከቫትናዮኩል የበረዶ ግግር ሥር የሚወጡት ወንዞች በጥቁሩ አሸዋ ላይ መሄጃቸውን እየለዋወጡ ለብዙ ዘመን ድልድይ ስለ ከለከሉ፣ ጎዳናው ዙሪያውን ሊገጥም የቻለው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር፤ በ1996ም ከግግሩ ሥር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቀለጠው ውሃ ከሳምንታት በኋላ ጥሶ በወጣ ጊዜ፣ ታላላቅ የበረዶ ቋጥኞችን እየገፋ ድልድዮችን ሰበረ፤ ተጠማዝዞ የቀረውም ብረት በመንገዱ ዳር ለመታሰቢያ ተቀምጧል።

በሰኔ ሌሊቱ ፈጽሞ ሳይጨልም ሲነጋ፣ በታኅሣሥ ግን በዋና ከተማዪቱ በሬይክያቪክ የቀኑ ብርሃን ከ4 ሰዓት ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ በብሩሁ ወራት ከ7 እስከ 10 ቀን ዙሪያውን ለመፈጸም ቢበቃ፣ በብርዱ ወራት ግን ያው መንገድ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወደ መካከለኛው ደጋ የሚያስገቡት፣ «ኤፍ» የሚል ፊደል የተጻፈባቸው መንገዶች፣ በረዶው ቀልጦ ሲከፈቱ ብቻ፣ ያውም አራቱም ጎማ በሞተር ኃይል በሚዞር መኪና የሚሄዱባቸው ናቸው፤ ወንዝ ሲሻገሩ የሚደርሰውን ጉዳት የኪራይ መኪና መድን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሸፍን፣ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ብልህነት ነው። የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት በአስፋልት 90፣ በጠጠር መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ መብራት መዓልትም ሌሊትም ይበራል፤ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። መኪናውን ያቆመም ሰው በሩን አጥብቆ ይዞ ይክፈት፤ ነፋሱ ከማጠፊያው የሚገነጥልበት ጊዜ አለና። ከመንገድ ወጥቶ በሜዳ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የቀዘቀዘውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበሰው ለስላሳ ልምላሜ ጎማ ከረገጠው ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የየቀኑን ማደሪያ ስትወስን ለአየሩ ክፋት የምትተወው አንድ ትርፍ ቀን ይኑርህ፤ መንገዱ ተዘግቷል በተባለም ጊዜ ያለ ክርክር ባለህበት እደር።