ደጃቸውን ዘግተው የዳኑ ደሴቶች

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣውን «የኅዳር በሽታ» ከአረጋውያን ያልሰማ ጥቂት ነው። በዚያው ወር፣ ያው ኢንፍሉዌንዛ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በሚገኙት የሳሞአ ደሴቶች ያደረሰውን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። ለቤተሰብም ለአገርም ትምህርት አለውና እናውጋችሁ።

ሳሞአውያን ቋንቋቸው አንድ ነው፤ በጋብቻና በዝምድናም የተሳሰሩ ናቸው። በጊዜው ግን ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ይገዙ ነበር። በመካከላቸው ያለው ባሕር መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1918 «ታሉኔ» የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ተነስታ ምዕራብ ሳሞአ፣ አፒያ ወደብ ደረሰች። ሕሙማን ጭናለች፤ ቢሆንም ተሳፋሪዎቿ እንዲወርዱ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 8,500 ያህል ሰው አለቀ። ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው።

የምሥራቁ ገዥ ጆን ፖየር ወሬውን እንደሰማ ደሴቶቹን ዘጋ። ትእዛዝ ብቻውን ግን ባሕር አይጠብቅም። የየመንደሩ ሰው ዳርቻውን ጠበቀ፤ ከማዶ የሚመጡ ጀልባዎችንም መለሰ። በጀልባዋ ላይ ያለው ዘመድ ሊሆን እንደሚችል እያወቀ! በዚያ ወረርሽኝ በምሥራቅ ሳሞአ አንድም ሰው አልሞተም። ፖየር ለጎረቤቱ የሕክምና እርዳታ ልስጥ ቢልም፣ የምዕራቡ ገዥ ሮበርት ሎጋን ሳይቀበለው ቀረ። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሔለን ክላርክ በ2002 የሳሞአን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኮሮና ሲመጣ የአሜሪካ ሳሞአ በ2020 እንደገና በሯን ዘጋች። በሽታው በሕዝቡ መካከል መዛመት የጀመረው በ2022 ነው፤ ያኔ አብዛኛው ሰው ተከትቦ ነበር። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ለሕክምናና ለጉዳይ የወጡ ነዋሪዎች ወራት ሙሉ በሐዋይና በሌሎች ቦታዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው ቆይተዋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወደገባበት አገር እንዳንገባ፣ ካለንበት አገር ከተነሳም ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረውናል። እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! ጥንቃቄ ተወኩልን አያጎድልም። ታመን ሳለ ከለቅሶና ከሠርግ ብንቀር ዝምድና አላቋረጥንም፤ የዘመዳችንን ነፍስ ጠበቅን እንጂ።