ከቡናው ቀድሞ የሚመጣው መስከረም

መስከረም ሲጠባ ልጆች ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ። የከፋ ቡና ለቀማ የሚደራው ግን ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በቦንጋ ዙሪያም ሆነ በሌሎች የከፋ አካባቢዎች ቡና ላይ ለቆመ ቤተሰብ፣ የሚከብዱት በሁለቱ መሃል ያሉት ሳምንታት ናቸው። ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ የባሰበት አራጣ ይበደራል፣ ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል። ባንክ መያዣ ይጠይቃል። ለሁለት ሺህ ብር ብድር ሠራተኛ ወደ ገጠር መላክም አያዋጣውም።

የቁጠባና ብድር ማኅበር ይህችን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። አባሉ የመመዝገቢያ ይከፍላል፣ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩ ይቆጥባል፤ ሲቸግረው በቁጠባው ልክ ተሰልቶ፣ ዋስ ጠርቶ ይበደራል። ዋሱ ጎረቤቱ ነው፤ የማን ላም እንደታለበች፣ የማን ማሳ እንደተጎዳ ያውቃል። የትኛውም ባንክ የሌለው መረጃ ይኸው ነው። ብዙ ዕጣ ያለውም ሆነ ጥቂት ያለው በጉባኤ አንድ ድምፅ ብቻ አለው።

መንገዱ የተጠረገው ከሩቅ ነው። ራይፋይዘን የተባለው የጀርመን ከንቲባ የገጠር ብድር ማኅበሩን ያቋቋመው በ1864 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን ቀዳሚ የሆነውን መሠረቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም 985/2009 ለእንዲህ ያሉ ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሰጡ።

ከማኅበሩም ያነሰ የመንደር የቁጠባ ቡድን አለ፤ መነሻው በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት የጀመረው አሠራር ነው። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዘው ይሰበሰባሉ። ሣጥኑ አንዷ ቤት ያድራል፤ ቁልፎቹ በሌሎች ሦስት ሰዎች እጅ። ገንዘቡ በሁሉም ፊት፣ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ፊደል ያልቆጠረችውም የሣጥኑን ሒሳብ በቃሏ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህን ሥርዓት እጅግ አከብረዋለሁ፤ እቁብና እድር ያስተማሩን መተማመን ነውና።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የሁሉም ቡና የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ ሁሉም ያስገባል፤ ነሐሴ ላይ ሁሉም ይጠይቃል። ዝናቡ ቡናውን ከጎዳው ደግሞ ዋሱም ተበዳሪውም አብረው ይቸገራሉ። ስለዚህ ማኅበራቱ በዩኒየን ተሳስረው፣ ገንዘብ የተረፈው ላጠረው ቢያበድር ይበጃል። ዛሬ ኦሞ ባንክ የሆነው ኦሞ ማይክሮፋይናንስም ከማኅበራት ጋር ሊሠራ የሚችልበት ቦታ ይኸው ነው።

ሌላው መፍትሔ እዚያው መንደር ውስጥ ነው። ማር የሚቆረጠው ቡናው በሌለበት ወቅት ነው። ሴቶች ደግሞ ቅቤ፣ እንቁላልና ቆጮ ወደ ገበያ የሚያወጡት ዓመቱን ሙሉ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሐምሌም ላይ ግን ወደ ሣጥኑ ይገባል።