ከአደጋ ይጠብቃታል የተባለው ቦታ

በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ልጃገረድ ኳስ ለመጫወት ከወንዶች ቡድን ገባች። አሠልጣኙ ሴት ልጅ እንዳትጎዳ አስበው በረኛ አደረጓት፤ በእሳቸው ግምት ከሜዳው ሁሉ አደጋ የሌለበት ቦታ እሱ ነበርና። በረኛ ከአጥቂ እግር ሥር እየተወረወረ ኳስ እንደሚለቅም ያየ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ልጅቱ ብሪያና ስከሪ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ተወለደች፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘጠኝ ልጆች ታናሽ ነች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የ1980ውን የክረምት ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን አይታ «እኔም ኦሊምፒክ እወዳደራለሁ» ስትል ወላጆቿ ምኞቷን አላጣጣሉባትም።

በኳስ ችሎታዋ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በረኛ ሆና ከጀመረቻቸው 65 ጨዋታዎች በ37ቱ መረቧን አላስደፈረችም። የተማረችው ፖለቲካል ሳይንስ ሲሆን ሐሳቧም ሕግ አጥንታ ጠበቃ መሆን ነበር። ምን ታድርግ? በዚያን ጊዜ በአገሯ ሴቶችን ደመወዝ ከፍሎ የሚያጫውት የሙያ ሊግ አልነበረም።

በ1994 ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈች። በ1995 መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ለኦሊምፒክ የሚሰጠውን ጉርሻ ለወርቅ ብቻ ባደረገ ጊዜ ውሉን አንፈርምም ብለው ከልምምድ ውጭ ከሆኑት ዘጠኝ ተጫዋቾች አንዷ እሷ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ወርቁን ይዘው ተመለሱ።

ሐምሌ 10 ቀን 1999 በፓሳዴና ስታዲየም 90,185 ተመልካች በተገኘበት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካና ቻይና ያለ ጎል ተለያይተው ወደ ሪጎሬ ሄዱ። የቻይናን ሦስተኛ ምት ሊዩ ዪንግ መታች፤ ብሪያና በግራዋ ተወርውራ መለሰችው። ከመስመሩ ቀድማ ወጥታለች ብለው ያማረሩ ነበሩ፤ ዳኛዋ ግን አላስደገሙም። በማግሥቱ ጋዜጦች ይዘው የወጡት የመጨረሻዋን ጎል ያገባችውን የብራንዲ ቻስቴይንን ፎቶግራፍ ነው።

ደመወዝ የሚከፈልበት ሊግ የተጀመረው በ2001 ነው። ጠበቃ ልትሆን የነበረችው ብሪያና በሠላሳ ዓመቷ ገደማ የአትላንታ ቡድን በረኛ ሆና እንጀራዋን በጓንቷ መጋገር ጀመረች። ሊጉ ግን በ2003 በገንዘብ እጦት ተዘጋ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ሊግ ሲከፈት እሷም ወደ ዋሽንግተን ቡድን ገባች።

በሚያዝያ 2010 ዝቅ ብላ ኳስ ስትለቅም የተጋጣሚ ጉልበት ጆሮ ግንዷን መታት። ጨዋታውን ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ አልተጫወተችም። ራስ ምታቱ አልለቃት አለ፤ ማስታወስ አቃታት፤ ሥራም መሥራት ተሳናት። የመድን ድርጅቱ ሕክምናውን ለመክፈል እያቅማማ ዓመታት ሲያልፉ፣ ለኑሮዋ ብላ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎቿን በ18,000 ዶላር በመያዣነት አስያዘች። ሁለተኛውን ያገኘችው በ2004 በአቴና ነበር።

በ2013 ከራስ ቅሏ በስተኋላ ያለው የተጎዳ ነርቭ በቀዶ ሕክምና ታከመላትና ሕመሙ ቀለላት። ሜዳሊያዎቹም ከመያዣ ወጥተው ተመለሱላት። በ2017 የአገሯ የእግር ኳስ የክብር መዝገብ ስሟን ሲያሰፍር፣ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።