ያውቁ ኖሯል? ጥርስ ሲያም መርፌው እጅ ላይ ይተከላል

በጎጃም ደጋ፣ በደምበጫም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ዋገምት የሚያደርግ ሰው ቀንዱን የሚተክለው ሕመሙ ባለበት ትከሻ ወይም ጀርባ ላይ ነው። የቻይናው የመርፌ ሕክምና አኩፓንክቸር ግን ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይርቃል።

• የት ይወጋል? ለጥርስ ሕመም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ «ሄጉ» በተባለው ነጥብ፤ ለወገብ ሕመም ደግሞ ከጉልበት ጀርባ፣ እግር በሚታጠፍበት መሀል።

• ለምን? በጥንቱ የቻይና ትምህርት «ቺ» የተባለው የሕይወት ኃይል «ሜሪዲያን» በሚባሉ መስመሮች ይዘዋወራል፤ ከእጅ የሚነሳው አንዱ መስመር ፊት ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የ361 ነጥቦችን ቦታ በመለኪያ ወስኗል።

• ሳይንስስ? መስመሮቹን በሰውነት ውስጥ አላገኛቸውም። ሆኖም መርፌው ነርቭ ሲቀሰቅስ ሰውነት ኢንዶርፊን የተባለ ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ያመነጫል።

• በአገራችን፦ አዲስ አበባ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ይህን ሕክምና ሰጥተዋል።

ልብ ይበሉ፦ ዋገምትም ሆነ አኩፓንክቸር፣ ቆዳ የሚበጣ ምላጭም ሆነ የሚወጋ መርፌ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን። ሕመሙ አልለቅ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።