ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ሃይላንድ ውሃ ናት?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሲመለሱ ዳግም አረቄ በሃይላንድ ይዘው የሚመጡ አሉ። ችግሩ አረቄው እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ የጠማው ልጅ አይለየውም። አልኮሉ ከ40 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ጥቂት ጉንጭ እንኳ የልጁን የደም ስኳር አውርዶ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል።

ልጅ ከጠጣ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» አትበሉ! ለማስመለስም አትሞክሩ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ እየሰጣችሁት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አዋቂም በማግስቱ ዓይኑ ብዥ ካለበት የሜታኖል መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

ስጦታው ይምጣ፤ ግን በጠርሙስ፣ «አረቄ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።