«መረጠች» እና «ተመረጠች»፦ የፌይ ልብ ወለድና የፍቅር ሦስት ማዕዘን



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጥናቷን ርእስ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ልታጠና የፈለገችው በዘመናዊ ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር ተደባልቀው የሚኖሩ፣ «ፌይ» የሚባሉ ረቂቅ ፍጡራን የሚገኙባቸውንና አንዲት ወጣት በሁለት አፍቃሪዎች መካከል የምትቆምባቸውን ልብ ወለዶች ነበር። እኔም «ይህ ለመዝናኛ የሚነበብ እንጂ የሚጠና አይደለም» ብዬ መለስኋት። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ ልጅቷን ያለ ፈቃዷ ከወሰዷት በኋላ የሚመጣውን ስሜት ፍቅር ልንለው እንችላለን?» ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። ፌይ በስኮትላንድና በአየርላንድ ትውፊት የራሳቸው ንግሥት፣ ሸንጎና ሕግ ያላቸው፣ ከሰው ዓይን የተሰወሩ ፍጡራን ናቸው። ወደ አማርኛ ልንመልሳቸው ስንሞክር እንቸገራለን። «ጋኔን» ብንላቸው ፍርዱ ከታሪኩ ይቀድማል፤ «ስውራን» ብንላቸው ደግሞ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከዓለም ለተሰወሩ ቅዱሳን የተሰጠ ነው። ይልቅስ የሚቀርባቸው ዛር ነው። በአገራችን እንደሚተረከው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊጎበኛት ሲመጣ እጅግ ውብ የሆኑትን ዐሥራ አምስቱን ሸሸገቻቸው፤ የተሸሸጉትም ተሰውረው ቀሩ፤ ዛሮችም ከእነርሱ መጡ። በአይስላንድም ስለ ስውራኑ ሕዝብ ተመሳሳይ ተረት አለ፤ በዚያ ግን ሔዋን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው። አንዱ ተረት በውበት ከመሳሳት፣ ሌላው ከኀፍረት ይነሣል፤ ሁለቱም ግን ስውሩን ፍጡር የሰው ወንድም ያደርጉታል። ወንድም በመሆኑም ሰውን ይፈልጋል። ዛር ሰውን ይመርጣል፤ የተመረጠውም የዛሩ «ፈረስ» ይባላል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ነገር ያሳየናል። «መረጠች» እና «ተመረጠች» የሚለያዩት በአንዲት «ተ» ነው። በመጀመሪያው ሴቲቱ አድራጊ ናት፤ በሁለተኛው ተደራጊ። እኔ እንደምረዳው የፌይ ፍቅር ልብ ወለድ ዋና ጥያቄ «የትኛውን ወንድ ታገባለች?» የሚል አይደለም፤ «የተመረጠች ሴት መምረጥ ትችላለችን?» የሚል ነው።

የጥያቄው ሥር ሩቅ ነው። «ታም ሊን» የተባለው የስኮትላንድ የግጥም ትረካ ስሙ በ1549 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ሮበርት በርንስም አንዱን ቅጂ በ1796 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በትረካው ታም ሊን በፌይ ንግሥት የተወሰደ ወጣት ነው። ጃኔት የምትባል ልጅ ትወደዋለች፤ ከእርሱም ትፀንሳለች። ልታስለቅቀው ከፈለገች ፌዮች በሌሊት ሲያልፉ ከፈረሱ ጎትታ ማውረድና አጥብቃ መያዝ አለባት፤ በእቅፏም ውስጥ እባብና ሌላም አስፈሪ ነገር ሆኖ ሲለዋወጥ መልቀቅ የለባትም። ሦስት ማዕዘኑ እነሆ፦ ጃኔት፣ ታም ሊንና ንግሥቲቱ። ሁለቱም ሴቶች ይይዙታል፤ ንግሥቲቱ የያዘችው ንብረቷ አድርጋ ነው፣ ጃኔት ግን ነጻ እንዲወጣ ራሱ ነግሯትና ፈቅዶ ነው።

ይህን ጥንታዊ ጥያቄ ወደ ዘመናዊ ከተማ ካመጡት ቀደምት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤማ ቡል በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዋር ፎር ዘ ኦክስ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሚኒያፖሊስ ነው፤ ኤዲ ማካንድሪ የምትባል የሮክ ሙዚቀኛ ከፍቅረኛዋና ከባንዷ በተለየችበት ወቅት ፌዮች ለጦርነታቸው ይመለምሏታል። ምክንያቱም ሟች የሆነ ሰው በጦር ሜዳው ካልተገኘ የማይሞቱት ፌዮች ሊገዳደሉ አይችሉም። ፈቃዷን የጠየቃት የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወንዶች ወደ ሕይወቷ ይገባሉ። አንደኛው ጠባቂዋ የሆነው ፑካ ነው፤ አንዴ ጥቁር ውሻ፣ አንዴ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው በአዲሱ ባንዷ ውስጥ የሚጫወተው መልከ መልካሙ ዊሊ ሲልቨር ነው። ኤዲ ዊሊን የምትቀርበው ሰው መስሏት ነው፤ እርሱ ግን ከፌይ መኳንንት ወገን ሆኖ ሳለ ማንነቱን ሸሽጓል። በአንጻሩ ፑካው ለአፈናዋ ተባባሪ ቢሆንም ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቃለች፤ ከጠባቂነት ወደ ወዳጅነት የሚሻገረውም ቀስ በቀስ፣ ከእርሷ ጋር በመኖርና ከእርሷ በመማር ነው። በመጨረሻ ልቧ የሚያርፈው በፑካው ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዢራር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው የሚመኘው ሌላው የተመኘውን ነው፤ ስለዚህ ምኞት ሦስት ማዕዘን አለው ሲል አስተምሯል። ይህ ንድፈ ሐሳብ ፉክክርን ያብራራል። የኤዲን ውሳኔ ግን አያብራራም፤ እርሷን የሚያሳስባት የተፎካካሪዎቹ ምኞት ሳይሆን የራሷ ዕውቀት ነውና። ያልታወቀን ነገር መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ በፌይ ታሪክ ውስጥ ዓይንን የሚያታልለው አስማት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድን ከሥሩ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ ነውን? አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የጠለፋት ሰው በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲድን ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን መሸሸጊያ አስቀረው። የቀድሞው ድንጋጌ በተዘዋዋሪ የሚለው «ፍጻሜው ጋብቻ ከሆነ አጀማመሩ ይረሳል» ነው። ብዙ የፌይ ልብ ወለዶችም ይህንኑ በጣፋጭ ቋንቋ ይደግሙታል፤ ወጣቷ ከሁለት ጠላፊዎች ደግ የሆነውን ትመርጥና እኛ አንባቢዎች እናጨበጭባለን። የኤማ ቡልም ሥራ ከዚህ ፈተና ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው አልልም፤ ፑካው ከመልማዮቿ አንዱ ነበርና። ልዩነቱ መጽሐፉ አጀማመሩን አለመርሳቱ ነው፤ ኤዲ ትቆጣለች፣ ትከራከራለች፣ ጦርነቱንም በመጨረሻ ራሷ በምታውቀው ኃይል፣ በሙዚቃ ትጋፈጣለች።

ስለዚህ ተማሪዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ዛሬ እንዲህ እመልሳለሁ። ያለ ፈቃድ መወሰድ ፍቅር አይደለም፤ በኋላ በሚመጣ ፍቅርም አይታጠብም። ፍቅር ልንለው የምንችለው ከዚያ ወዲህ የሚወለደውን ነው፤ እርሱንም እውነቱ ሲገለጥላትና «እምቢ» ማለት ስትችል ብቻ። እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ስታነቡ ሦስት ነገሮችን ፈትሹ፦ ሴቲቱ ምን ታውቃለች? መሄድ ትችላለችን? እምቢ ብትል ምን ይደርስባታል?

ያን ጥናት በወቅቱ ባለመፍቀዴ አጥፍቻለሁ። ከእናንተ መካከል ያን ርእስ ዳግመኛ ይዞ የሚመጣ ቢኖር የቢሮዬ በር ክፍት ነው።